128 ጊጋ የተባለው ኤስኤስዲ 96 ብቻ ያሳየኛል፤ ከ96ቱም 34ቱ የት እንደገባ አላውቅም

የማታ ተርጓሚ፦

ጤና ይስጥልኝ። እስከ ዛሬ የሰው ጥያቄ አንብቤ ሹልክ ብዬ የምወጣ ነበርኩ። ዛሬ የራሴን ይዤ መጣሁ። ትንሽ ይረዝማል። ካልዘረዘርኩት "ሪስታርት አድርገህ ሞክር" ተብዬ እንዳልሸኝ ፈርቼ ነው።

ላፕቶፔ እ.ኤ.አ. የ2013 ስሪት ነው። ራሙ 8 ጊጋ፣ ኤስኤስዲው (ፋይሉ ሁሉ የሚቀመጥበት ድራይቭ) 128 ጊጋ። ሲመጣ ዊንዶውስ 8 ነበረው፤ ፎርማት ሳይደረግ እላዩ ላይ ወደ 10 አደገ። ባትሪው 20 ደቂቃ ከያዘ ጎበዝ ነው። "ኤ" የምትጻፍበት ቁልፍ ተፍቃ ፊደሏ ጠፍቷል፤ ጣቴ ግን ቦታዋን ያውቃታል። ሥራዬ ትርጉም ስለሆነ ከጽሑፍ የከበደ ነገር አልጭንበትም። ጌም የለም፣ ፊልም የለም። 128 ጊጋ ለኔ ጎተራ መሆን ነበረበት።

ጎተራው ግን ሞላ። ሲ ድራይቭ ላይ ያለው መስመር ቀይ ከሆነ ወር አልፎታል። ባለፈው አንድ ረጅም ሰነድ ሴቭ ላደርግ ስል ቦታ የለም አለኝ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ማስረከቢያዬ ጠዋት ሆኖ።

ያኔ የሠራሁት ሥራ እስካሁን ይቆጨኛል። የልጄን ቪዲዮዎች ደመሰስኩ። 6 ጊጋ ያህል ነበሩ። ዳዴ ሲል፣ ሶፋ ይዞ ሲቆም፣ የሳሙና አረፋ ሊይዝ ሲሮጥ። "ስልኬ ላይ አሉ" ብዬ ነው የደመሰስኩት። ያ ስልክ ዓምና ባልዲ ውስጥ ገብቶ የሞተው መሆኑ ትዝ ያለኝ ሪሳይክል ቢኑን ባዶ ካደረግኩ በኋላ ነው።

ይባስ ብሎ ቦታው አልበረከተም። መጀመሪያ ባዶው ከ4 ወደ 10 ጊጋ ወጣ። አሥር ቀን ሳይሞላ ተመልሶ 4 ሆነ። እኔ ምንም አልጨመርኩም።

ከዚያ ነው ቁጭ ብዬ መደመር የጀመርኩት። ሲ ድራይቭ በጠቅላላው 96 ጊጋ ነው ይላል። 128 የተባለው ዕቃ 96 ሲሆን 32 የት ሄደ? ቀጥሎ፣ የተያዘው 92 ነው ይላል። ሲ ውስጥ ገብቼ ያሉትን ፎልደሮች በሙሉ መርጬ መጠናቸውን ሳየው ግን 58 ነው። ከ92 ላይ 58 ሲነሳ 34 ይቀራል። ካልኩሌተሩን ሁለቴ ነካሁት።

ስለዚህ ጥያቄዬ፦ ኤስኤስዲ ሲያረጅ እንዲህ እየጠበበ ይሄዳል? ወይስ አንድ የሚበላው ነገር አለ? ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ዊን ኤስኤክስኤስ የሚባል 9 ጊጋ የሚመዝን ፎልደር አይቻለሁ። እጄ ዲሊት ላይ ነው ያለው፤ ቶሎ መልስ ስጡኝ።


ሰባራ ኪቦርድ፦

ወንድሜ አትልፋ። ኤስኤስዲ ሲያረጅ ሴሎቹ ይሞታሉ፣ ቦታው ይቀንሳል። 2013 እኮ ለላፕቶፕ ሽምግልና ነው። ፎርማት አድርገው፤ ካልተመለሰ አዲስ ግዛ። እኔ በየስድስት ወሩ ፎርማት ነው የማደርገው፤ ሰላም ነኝ።


ብሎን ፈቺ፦

መጀመሪያ እጅህን ከዲሊቱ ላይ አንሳ። ዊን ኤስኤክስኤስን አትንካው። የዊንዶውስ ዕቃ ቤት ነው። ደግሞ 9 ጊጋ የሚለው ቁጥር ያታልላል፤ ውስጡ ካሉት ፋይሎች ብዙዎቹ ሲስተም 32 በሚባለው የዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ የምታያቸው ራሳቸው ናቸው። አንድ ፋይል በሁለት በር ይታያል፣ ሁለቴ ይቆጠራል፣ ዲስኩ ላይ ያለው ግን አንድ ነው። በእጅ ከደመሰስከው ዊንዶውስ አይነሳልህም። ማሳነስ ካስፈለገ በዲስክ ክሊንአፕ በኩል ነው፤ እሱም ብዙ አይሰጥህም።

ሰባራ ኪቦርድ ስላለው ደግሞ፦ ኤስኤስዲ በእርጅና አይጠብም። ሴሎች መሞታቸው እውነት ነው። ግን ፋብሪካው ለዚሁ ብሎ መጠባበቂያ ያስቀምጣል፤ አንዱ ሲሞት ሌላው ይተካዋል፣ አንተ አታይም። መጠባበቂያው ያለቀ ቀን ድራይቩ ወይ አልጻፍም ብሎ ለንባብ ብቻ ይሆናል፣ ወይ ጭራሽ ይጠፋል። ዛሬ 128፣ ነገ 120፣ ከነገ ወዲያ 96 እያለ የሚሟሽሽ ኤስኤስዲ አላየሁም። መጠኑ በአንዴ ወርዶ የሚታይበት አጋጣሚ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የኢንቴል 320 ድራይቮች መብራት ድንገት ሲቋረጥባቸው 8 ሜጋ ብቻ ነኝ ይሉ ነበር፤ ኩባንያው በዚያው ዓመት ማስተካከያ አወጣለት። ያ የሶፍትዌሩ ችግር እንጂ እርጅና አይደለም። ያንተ 96 ብሎ በሰላም እየሠራ ነው።

አሁን ሁለቱን ጥያቄዎችህን ለያያቸው። ከ128 እስከ 96 ያለው አንድ ነገር ነው። ከ92 እስከ 58 ያለው ሌላ ነገር ነው። ሰው ሁሉ የሚደናገረው ሁለቱን አንድ ላይ አስሮ ስለሚፈልጋቸው ነው።

ከ128ቱ ልጀምር። ፋብሪካው 1 ጊጋ ሲል 1,000,000,000 ባይት ማለቱ ነው። ዊንዶውስ ጊጋ ብሎ የሚጽፈው ደግሞ 1,073,741,824 ባይትን ነው። 128 ቢሊዮኑን ለዚህ ስታካፍለው 119.2 ይመጣል። ስለዚህ ወደ 9 የሚጠጋው ጊጋ አልጠፋም፤ መስፈሪያው ነው የተለየው። እሱን እርሳው።

ከ119 እስከ 96 ያለው 23 ግን የእውነት አለ። ሌላ ፓርቲሽን (ዲስኩ ከተከፋፈለባቸው ክፍሎች አንዱ) ላይ ተቀምጧል ብዬ እገምታለሁ። የስታርት ቁልፉን በቀኝ ክሊክ አድርግና ዲስክ ማኔጅመንትን ክፈት። ከታች በኩል ዲስክ 0 የሚለው ረጅም ሣጥን ላይ ያሉትን ቁርጥራጮች ከግራ ወደ ቀኝ ከነመጠናቸው ጻፍልኝ። ምንም እንዳትነካ፤ ጻፍ ብቻ።

ለሁለተኛው ጥያቄ ዊዝትሪ የሚባል ፕሮግራም አለ። በቀኝ ክሊክ "ራን አዝ አድሚኒስትሬተር" ብለህ ክፈተው። ይሄ "አድሚኒስትሬተር" የምትለዋ ነገር ዋናዋ ናት። አንተ ፎልደሮችን መርጠህ ስትደምር ዊንዶውስ የደበቃቸውንና አንተ መግባት የማትችልባቸውን አይቆጥርልህም። 34 ጊጋህ እዚያ ነው ያለው። ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድሮ ያሳይሃል። ትልልቆቹን አምጣቸው።


የማታ ተርጓሚ፦

በመጀመሪያ፣ ወንድም ሳልሆን እህት ነኝ። የልጁ እናት።

ሁለተኛ፣ እግዜር ይስጥልኝ ብሎን ፈቺ። ዊዝትሪን ስከፍተው የጠበቅኩት ግማሽ ሰዓት ነበር። ሻይ ልጥድ ስነሳ ጨርሶ ጠበቀኝ።

ዲስክ ማኔጅመንት ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ያየሁት ይሄ ነው። 450 ሜጋ፣ ሬከቨሪ ይላል። 100 ሜጋ፣ ኢኤፍአይ ይላል። 96.00 ጊጋ፣ ሲ ድራይቭ። 8.00 ጊጋ፣ ስም የለውም፣ መቶ በመቶ ባዶ ነኝ ይላል። 14.5 ጊጋ፣ ሬከቨሪ ይላል። ስም የሌለውን 8 ጊጋ በቀኝ ክሊክ ነካሁት (አትንኪ ብትልም፣ ክሊክ ብቻ ነው)፤ "ሄልፕ" ከሚል በቀር ምንም ምርጫ አልሰጠኝም። ባዶ ሆኖ የማይነካ ምን ዓይነት ነገር ነው?

ዊዝትሪ ያወጣቸው ደግሞ፦ ሃይበርፊል 3.2፣ ፔጅፋይል 5፣ ሲስተም ቮልዩም ኢንፎርሜሽን የሚባል 9.5። ከሁሉም ያስደነገጠኝ ግን በራሴ ስም ያለው ፎልደር ውስጥ፣ አፕዳታ፣ ከዚያ ሮሚንግ፣ ከዚያ አፕል ኮምፒውተር፣ ከዚያ ሞባይልሲንክ፣ ከዚያ ባክአፕ የሚል አለ። 14.1 ጊጋ። ውስጡ ስገባ ስማቸው የማይነበብ፣ ዜሮና ኤፍ፣ 3ና ቢ እየተቀላቀለ የተጻፈ በሺህ የሚቆጠር ፋይል ነው። ቫይረስ ነው አይደል? ልደምስሰው?


ቀስ በቀስ፦

ልጄ፣ አትደምስሺው! ሌላውን ሁሉ ተይና መጀመሪያ ይህን አንብቢ።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ዘመኔን ሙሉ የሰው መዝገብ ሳስቀምጥ ነው የኖርኩት፤ ነገር ከመጣሌ በፊት መክፈት አመል ሆኖብኛል። ያ ፎልደር ቫይረስ አይደለም። አይፎን በአይቱንስ በኩል ኮምፒውተር ላይ ባክአፕ ሲደረግ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ፋይሎቹ ስማቸው 40 ሆሄ የሆነው፣ ቅጥያም የሌላቸው ስልኩ እንደዚያ ስለሚያስቀምጣቸው ነው። ከአይኦኤስ 10 ወዲህ ደግሞ በስማቸው የመጀመሪያ ሁለት ሆሄ ወደየፎልደሩ ይከፋፈላሉ። አንቺ ያየሽው ዜሮና ኤፍ እሱ ነው።

አሁን የምጠይቅሽ፦ ባልዲ ውስጥ የገባው ስልክ አይፎን ነበር? አንድ ቀን ከዚህ ላፕቶፕ ጋር በገመድ አገናኝተሽው ታውቂያለሽ? ከሆነ፣ እነዚያ የደመሰስሻቸው የልጅሽ ቪዲዮዎች እዚያ 14 ጊጋ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። የአይክላውድ ፎቶ አገልግሎት ካልተከፈተ በቀር ስልኩ ያነሳቸው ፎቶና ቪዲዮ አብረው ባክአፕ ይገባሉ።

የደመሰስሽውን ከኤስኤስዲው ላይ በማዳኛ ፕሮግራም አወጣለሁ ብለሽ ግን አትድከሚ። በድሮው ሃርድ ዲስክ ቢሆን ተስፋ ነበረው። ኤስኤስዲ ላይ ትሪም የሚባል ነገር አለ፤ ሪሳይክል ቢኑን ባዶ ስታደርጊ ዊንዶውስ ለድራይቩ "ይህን ቦታ ከእንግዲህ አልፈልገውም" ብሎ ይነግረዋል፣ ድራይቩም በራሱ ጊዜ ያጸዳዋል። ያ በር ተዘግቷል። የቀረው የባክአፑ በር ነው።


የማታ ተርጓሚ፦

ጋሽ ቀስ በቀስ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። አዎ፣ አይፎን ነበር። አንድ ጊዜ አገናኝቼዋለሁ፤ ስልኩ ሞልቶብኝ ቪዲዮዎቹን ወደ ላፕቶፑ የገለበጥኩ ቀን። አይቱንስ ራሱ ተከፍቶ የሆነ ነገር ሲጭን ነበር፣ እኔ ምን እንደሆነ አላየሁም። አይክላውድ ፎቶ ከፍቼ አላውቅም። ፓስወርድም አላደረግኩበትም።

እንዴት ነው የሚከፈተው?


ቀስ በቀስ፦

ረጋ በይ። መጀመሪያ ያንን ፎልደር እንዳለ ወደ ኤክስተርናል ድራይቭ ኮፒ አድርጊው። "ከት" አይደለም፣ "ኮፒ"። ገመዱ መሀል ላይ ቢነቀል "ከት" ያደረግሽው ነገር ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ ይሆንብሻል። ኮፒው ሲያልቅ የሁለቱንም ፎልደር በቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ ብለሽ የፋይሉን ብዛት አስተያዪ፤ አንድ ቁጥር መሆን አለበት።

ቀጥሎ የአይፎን ባክአፕ የሚከፍት ፕሮግራም ፈልጊ፤ ብዙ ዓይነት አለ። ባክአፑ ውስጥ ማኒፌስት የሚባል ፋይል አለ፤ የትኛው 40 ሆሄ የየትኛው ቪዲዮ ስም እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነው። ፕሮግራሙ እሱን አንብቦ ካሜራ ሮል የሚለውን እንደ ስልኩ አድርጎ ያሳይሻል። ፓስወርድ ስላላደረግሽበት ይቀልሻል። ፕሮግራሙን ኮፒው ላይ አሠሪው፤ ዋናውን እስክትጨርሺ አትንኪው።


የማታ ተርጓሚ፦

ሦስት ቀን ጠፋሁ፤ ሥራ ነበረብኝ። ዛሬ ሌሊት ከፈትኩት።

የፋይሉ ብዛት ልክ ነበር። ፕሮግራሙ አንብቦ እስኪጨርስ ያንን መስመር እያየሁ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ትንንሽ ሥዕሎች መውጣት ጀመሩ። መጀመሪያ የወጣው የአንድ ደረሰኝ ፎቶ ነው። ቀጥሎ የጫማዬ ፎቶ፣ ለምን እንዳነሳሁት አላውቅም። ወደ ታች ስወርድ የሳሙና አረፋው አለ። ዳዴው አለ። ሶፋውን ለቆ ሁለት እርምጃ የሄደበት አለ፤ 11 ሰከንድ ነው፣ ከዚያ ውስጥ አራቱ ወለሉን ነው የሚያሳየው፣ ምክንያቱም ስልኩን ጥዬ ልይዘው ሮጬ ነበር።

ሁሉም አልተገኙም። ባክአፑ ከተደረገ በኋላ የተነሱት የሉም። የሚፈለጉት ግን አሉ። ሁለት ቦታ አስቀመጥኳቸው።

አሁን ወደ ጉዳያችን እንመለስ። ዋናውን ባክአፕ ከላፕቶፑ ላይ ደመሰስኩ (ኮፒው ኤክስተርናሉ ላይ አለ፣ ጋሼ አይቆጡ)። 14.1 ጊጋ ተመለሰ። የቀሩትስ? ብሎን ፈቺ፣ ያ ባዶ ነኝ የሚለው 8 ጊጋ እንቅልፍ ነስቶኛል።


ብሎን ፈቺ፦

እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። አንብቤ ራሴ ደስ ብሎኛል።

የ8 ጊጋው ነገር ደስ የሚል ነው፤ የዘመኑ ቅሪት ነው። ራምሽ ስንት ነው? 8። ፓርቲሽኑስ? ልክ 8። በዚያ ዘመን ኤስኤስዲ ያላቸው ብዙ ላፕቶፖች ላይ ኢንቴል ራፒድ ስታርት የሚባል ነገር ነበር። ላፕቶፑ ተኝቶ ሲቆይ ራሙ ላይ ያለውን በሙሉ ወደ ኤስኤስዲው ገልብጦ ኃይል መሳብ ያቆማል፤ ስትቀሰቅሺው ከዚያ ያነሳዋል። ለዚህ የራሙን ያህል ቦታ ለብቻው ተከልሎ ይያዝለታል። ዊንዶውስ እንደ ድራይቭ ስለማያየው "ባዶ" ይልሻል፤ ከሌላው የተለየ ዓይነት ስለሆነ ደግሞ በክሊክ እንዳትሰርዢው ይከለክልሻል። ዊንዶውስ 10 የራሱ ሃይበርኔት ስላለው አያስፈልገውም።

ሲ ጎን መሆኑ ዕድልሽ ነው። ሲን ማስፋት የሚቻለው ባዶው ቦታ በቀኝ በኩል ከሲ ጋር ከተነካካ ብቻ ነው። መሀል ላይ ሌላ ፓርቲሽን ቢገባ ኖሮ "ኤክስቴንድ ቮልዩም" የሚለው ግራጫ ሆኖ ይቀርብሽ ነበር። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ነው የሚቆመው።

አሰራሩ ይሄ ነው፤ ቀስ ብለሽ አንብቢው። ባዮስ (ላፕቶፑ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚገባበት ማስተካከያ) ውስጥ ራፒድ ስታርት የሚል ካለ መጀመሪያ አጥፊው። ሥራዎችሽን ኤክስተርናሉ ላይ አስቀምጪ። ቻርጀሩን ሰኪ፤ በዚያ ባትሪ እንዳትጀምሪ። ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተር ክፈቺና ዲስክፓርት (የፓርቲሽን ማስተካከያው) ብለሽ ግቢ። ሊስት ዲስክ፣ ከዚያ ሴሌክት ዲስክ 0፣ ከዚያ ሊስት ፓርቲሽን።

እዚህ ላይ ወጥመድ አለ። ዲስክ ማኔጅመንት ላይ ከግራ ስትቆጥሪ 8 ጊጋው አራተኛ ነው። ዲስክፓርት ላይ ግን አምስተኛ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ሪዘርቭድ የምትባል ትንሽ ፓርቲሽን አለች፣ የአንቺ ላይ 128 ሜጋ ትሆናለች፤ ዲስክ ማኔጅመንት አያሳያትም፣ ዲስክፓርት ግን ይቆጥራታል። ስለዚህ "አራተኛው ነው" ብለሽ 4ን ከመረጥሽ የያዝሽው ሲ ድራይቭን ነው። ተራውን ትተሽ መጠኑን እዪ። 8 ጊጋ የሚለው ፊት ያለውን ቁጥር ውሰጂ፣ ሴሌክት ፓርቲሽን ብለሽ እሱን ጻፊ፣ ከዚያ ዲቴይል ፓርቲሽን በይና እንደገና አረጋግጪ። በስልክሽ ፎቶ አንሺና እዚህ የወጣውን ጻፊልኝ። ከዚያ በኋላ ነው ዲሊት ፓርቲሽን ኦቨራይድ የሚባለው።

ክሊን የምትል ቃል ዲስክፓርት ውስጥ እንዳትጽፊ። ስሟ ያማልላል፤ ዲስኩን በሙሉ ነው ባዶ የምታደርገው።

ሲስተም ቮልዩም ኢንፎርሜሽን ደግሞ የሪስቶር ፖይንቶች ማደሪያ ነው። 10 ጊጋሽ ተመልሶ 4 የሆነው በሱ ይመስለኛል፤ ትልቅ አፕዴት ሲመጣ ዊንዶውስ የበፊቱን ሁኔታ ያስቀምጣል፣ ገደቡ እስኪሞላም ያድጋል። የአንቺ 9.5 ማለት ከ96ቱ 10 በመቶ ላይ ደርሶ ቆሟል ማለት ነው። ሲስተም ፕሮቴክሽን ውስጥ ግቢ፣ ኮንፊገር በይ፣ ማንሸራተቻውን ወደ 2 በመቶ አውርጂው። ጨርሰሽ አታጥፊው፤ አንድ ሪስቶር ፖይንት የሚተርፍበት ቀን አለ።

ፔጅፋይሉን ተይው፤ ራሙ ሲጠብ ዊንዶውስ የሚጠቀምበት ነው። ሃይበርፊሉን ግን አጥፊው፤ 3.2 ጊጋ ነው።


ቀስ በቀስ፦

በመጨረሻው አልስማማም። ባትሪዋ 20 ደቂቃ ነው የሚይዘው። ሌሊት የምትሠራ ሰው ናት። ክዳኑን ዘግታ ልጁን ለማየት ብትነሳ፣ ላፕቶፑ ተኝቶ እያለ ባትሪው ቢያልቅ፣ ሴቭ ያልተደረገው ሁሉ ይጠፋል። ሃይበርኔት ካለ ግን ከመጥፋቱ በፊት ሁሉንም ወደ ሃይበርፊል ጽፎ ይተኛል። በአዲስ ባትሪ ቢሆን ካንተ ጋር ነበርኩ።


ብሎን ፈቺ፦

ልክ ነዎት፣ ባትሪውን ረሳሁት። ሃይበርፊሉ ይቆይ።

ሃይበርፊሉን "አሳንሱት" የሚሉ ሰዎች ታገኛላችሁ። ይቻላል፤ ያነሰው ግን ፈጣን ማስነሻውን ብቻ ነው የሚያገለግለው፣ ሃይበርኔቱ ይጠፋል። ለአንቺ አይሆንም።


የማታ ተርጓሚ፦

ዲስክፓርት ውስጥ ገባሁ። ጥቁር መስኮት ስለምፈራ ልጁ እስኪተኛ ጠበቅኩ።

እንዳልከው ነው። 1 ሬከቨሪ 450 ሜጋ። 2 ሲስተም 100 ሜጋ። 3 ሪዘርቭድ 128 ሜጋ። 4 ፕራይመሪ 96 ጊጋ። 5፣ 8 ጊጋ። 6 ሬከቨሪ 14 ጊጋ። 4ን አየሁና ደረቴ ድም አለ። ባትነግረኝ ኖሮ 4 ብዬ ነበር የምጽፈው፤ አራተኛው ነው ብዬ ወረቀት ላይ ሁሉ ጽፌው ነበር።

5ን መርጬ ዲቴይል አልኩት። 8 ጊጋ፣ ፊደል የለውም፣ የተደበቀ ነው ይላል። ልቀጥል?


ብሎን ፈቺ፦

እሱ ነው። ቀጥዪ።


የማታ ተርጓሚ፦

ሄደ! ዲስክ ማኔጅመንት ላይ ቦታው ጥቁር ሆነ፣ "አንአሎኬትድ" ይላል። ሲን በቀኝ ክሊክ ስነካው "ኤክስቴንድ ቮልዩም" ተከፍቶ ጠበቀኝ። 8192 ሜጋ ብሎ ራሱ ሞልቶታል። ኔክስት፣ ኔክስት፣ ፊኒሽ። ሲ 104 ጊጋ ሆነ። ሪስታርት እንኳ አላለኝም።

የሪስቶር ፖይንቱን 2 በመቶ ላይ አወረድኩት፤ 7.5 ያህል ለቀቀልኝ። ስደምረው፦ የነበረው 4፣ የስልኩ 14.1፣ የራፒድ ስታርቱ 8፣ የሪስቶሩ 7.5። ካልኩሌተሩ 33.6 አለኝ፣ ሲ ድራይቭም 33.6 ባዶ ነው አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ። መስመሩ ሰማያዊ ነው።

የመጨረሻ ጥያቄ፦ ያ 14.5ቱ ሬከቨሪስ? አሁን ከሲ ጎን ሆኗል፣ ዓይኔ እሱ ላይ ነው።


ሰባራ ኪቦርድ፦

እህቴ፣ በወንድሜው ይቅርታ። በፎርማቱም። እኔም ዊዝትሪን ከፍቼ አየሁ፤ በየስድስት ወሩ ፎርማት የማደርገው ሰውዬ 22 ጊጋ የድሮ ዊንዶውስ ተሸክሜ ነው የምዞረው። ዊንዶውስ ኦልድ ይላል። ይደመሰሳል?


ብሎን ፈቺ፦

ያንተው ይደመሰሳል፣ ግን በዲስክ ክሊንአፕ፣ "ክሊንአፕ ሲስተም ፋይልስ" በሚለው በኩል። ከዴስክቶፕህ የሚፈለግ ነገር እዚያ ውስጥ እንዳልቀረ መጀመሪያ ዩዘርስ የሚለውን ፎልደር ገብተህ እይ። በአፕዴት የመጣ ቢሆን ዊንዶውስ ራሱ ከ10 ቀን በኋላ ያጠፋው ነበር፤ አንተ እላዩ ላይ እየጫንክ ነው የምትሄደው መሰለኝ። ፎርማት ማለት እሱ አይደለም።

እህቴ፣ 14.5ቱ ላፕቶፑ ሲመጣ የነበረው የዊንዶውስ 8 ቅጂ ነው። ወደዚያ የመመለስ ሐሳብ ከሌለሽ አያስፈልግሽም። ግን ዛሬ አይደለም። መጀመሪያ ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ ሪኤጀንትሲ የሚለውን ትእዛዝ ኢንፎ ከሚለው ጋር አሠሪና ዊንዶውስ የሚጠቀምበት ማዳኛ የትኛው ፓርቲሽን ላይ እንዳለ እዪ። ፓርቲሽን 1 ካለሽ፣ 450 ሜጋዋ ናት፤ 14.5ቱ ነጻ ነው። ፓርቲሽን 6 ካለሽ አትንኪው፣ ተመለሺና ንገሪኝ። አንድ ፍላሽ ላይም የዊንዶውስ 10 መጫኛ አዘጋጂና አስቀምጪ።


የማታ ተርጓሚ፦

ፓርቲሽን 1 ይላል። ግን 33 ጊጋ ባዶ ለኔ በቂ ነው፤ ዛሬ ማታ 40 ገጽ ይጠብቀኛል። 14.5ቱ እዚያው ይቀመጥ። ፍላሹን ሳገኝ እመለስበታለሁ።